«ዕድሜ ነው» እያልን የምናልፈው በሽታ

«አባባ ጃጅተዋል፣ ዕድሜ ነው።» ይሄን አባባል ስንቶቻችን ሰምተናል? አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጠይቁ፣ ብራቸውን ራሳቸው ደብቀው «ወሰዳችሁብኝ» ሲሉ ቤተሰብ መጀመሪያ ይስቃል፣ ሲቆይ ይቆጣል። አሁን አሁን ደግሞ ስልክ አውጥቶ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍም አለ።

ነገሩ ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ስሙ ዲሜንሺያ ነው፤ አእምሮን የሚጎዳ በሽታ። ዕድሜ ያጋልጣል እንጂ ያረጀ ሁሉ አይታመምም። ብዙውን ጊዜ መንስኤው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ «ዕድሜ ነው» ማለት ምን ይጎዳል?

አንደኛ፣ ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው አይኖርም። ዲሜንሺያን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ግን የመርሳት ችግር ሁሉ ዲሜንሺያ አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ። እነዚህ ይታከማሉ። ሳይመረመሩ ማን ያውቃል?

ሁለተኛ፣ ሸክሙ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ድርጅቱ እንደሚለው ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። እኛ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላገባችው ልጅ ናት። ውጭ ያለው ወንድም ብር ይልካል፣ ሌሎቹ በበዓል ይመጣሉ፤ ሌሊት ሦስቴ የምትነሳው ግን እሷ ናት። «ዕድሜ ነው» ከተባለ የሷም ድካም እንደ ሥራ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፣ መንግሥትን የሚጠይቅ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። መቄዶንያ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሳ የሚኖረው በዋናነት በሕዝብ መዋጮ ነው። ቤት ውስጥ ለሚታመሙትስ? በየጤና ጣቢያው ቤተሰብን የሚያሠለጥን ባለሙያ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው እኛስ? ርኅራኄ ማለት ማዘን ብቻ አይደለም፤ የሚለመድ ሙያ ነው።

አትከራከሯቸው። ስለሞተ ወንድማቸው ሲጠይቁ «ሞቷል እኮ!» ማለት በየቀኑ አዲስ ለቅሶ ማስቀመጥ ነው። «ናፈቀዎት አይደል? እስቲ ስለሱ ያጫውቱኝ» በሏቸው። ነገሩን ይረሱታል፤ የተሰማቸው ስሜት ግን ቶሎ አይለቃቸውም። ፊት ለፊት ሆናችሁ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ንገሯቸው። ቡና መልቀም የሚችሉ ከሆነ ይልቀሙ፤ ፈጥኖ ቀምቶ መሥራት መርዳት አይደለም። ከቤት ወጥተው እንዳይጠፉ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ አድርጉ።

ካሜራውንም ዝጉት። ቪዲዮው ሺህ ላይክ ያመጣ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ቅረጹኝ አላሉም፣ እምቢ ለማለትም አቅሙ የላቸውም።

እህታችሁ ወይ እናታችሁ እያስታመመች ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ «እኔ አለሁ፣ አንቺ ተኚ» በሏት። ከብሩም ከምክሩም በላይ የሚያስፈልጋት እሱ ነው።