ሳይመረምሩ መጣል

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት አለ እንበል። በቤቱ ውስጥ ከመርካቶ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ አንድ ኮምፒዩተር ይገኛል። ልጆች ትምህርታቸውን ያጠኑበታል፤ አባት ማመልከቻ ይጽፉበታል። ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አንድም ድረ ገጽ አልከፍትም አለ። ጎረቤት ተጠራና «ቫይረስ ነው» አለ። አጎት መጡና «አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አያገለግልም» አሉ። በሳምንቱ ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ በብረት ዋጋ ተሸጠ።

እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ3 ቮልት ባትሪ ትገኛለች። ሥራዋ ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱንና ቀኑን መጠበቅ ነው። ባትሪዋ ስትደክም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የሚጸናበት ጊዜ በተወሰነ የምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ቀኑ የተዛባበት ኮምፒዩተር ወረቀቱን አላምንም ብሎ ገጹን ይዘጋዋል። በአገራችን ሌላም ምክንያት ሊጨመርበት ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉለት ካሉ፣ መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ያንኑ ችግር ያሳያል። እንግዲህ ያ ቤተሰብ ንብረቱን ያጣው ዕቃው ስለሞተ ሳይሆን መርማሪ ስለጠፋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፤ ኮምፒዩተር ባለበት ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ይልቁንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ የሚገኝ ወጣት፣ የመሣሪያውን ችግር በሥርዓት መመርመርና ቀላል ክፍሎቹን መለወጥ ማወቅ ይገባዋል። ይህ ዕውቀት የጥቂት ባለሙያዎች ምሥጢር ሆኖ መቅረት የለበትም።

አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። የኮምፒዩተር ምርመራም ከዚህ ምክር አይወጣም። ቀደም ሲል የበሽታው ምክንያት ያልታወቀ ሰው ሁሉ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባል እንደነበረ፣ ዛሬም ምክንያቱ ያልታወቀ የኮምፒዩተር ብልሽት ሁሉ በቫይረስ ይሳበባል። ሁለቱም አነጋገሮች ጥያቄን ይዘጋሉ እንጂ መልስ አይሰጡም። እውነተኛ ምርመራ ሦስት ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ፤ ሁለተኛ፣ ወጪ ከሌለው ወደ ውዱ ማለፍ፤ ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመዝገብ ነው።

እስቲ ሕጎቹን በሥራ ላይ እንያቸው። ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ አልነሣም ቢል ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑ፤ ቀጥሎ ገመዱን ለውጡ። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ቢጨልም ወይም ተደጋጋሚ የጡሩምባ ድምፅ ቢሰማ፣ ራም የተባለው የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። መብራቱን ነቅላችሁ፣ በጣታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል እንዲወጣ የሣጥኑን ብረት ነክታችሁ፣ ካርዱን አውጡት፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርጋችሁ፣ ፍርፋሪውን አራግፋችሁ መልሱት። ብዙ ጊዜ «ሞተ» የተባለ ኮምፒዩተር በዚህ ብቻ ይነሣል። ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሙቀትን ጠርጥሩ። በበጋ ወራት አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ሲፒዩው ይግላል፤ መሣሪያውም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ይዘጋል። ለስላሳ ብሩሽ የሚፈውሰውን በሽታ በአዲስ ኮምፒዩተር ግዢ ማከም ከንቱ ወጪ ነው።

መመርመር ያለውን ያድናል፤ ማሻሻል ደግሞ ያለውን ያጎለምሳል። ስለ ዝግታ የሚነሣው አቤቱታ በአብዛኛው ከሁለት ቦታ ይመነጫል። አንዱ የራም ማነስ ነው። 4 ጊጋባይት ያለው ኮምፒዩተር 8 ጊጋባይት ሲሆን ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መሸከም ይችላል። ሆኖም ዲዲአር3 የተባለው ራም ለዲዲአር4 በተሠራ ቦታ አይገባም፤ ጎድጓዳ ምልክታቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አሮጌውን ካርድ አውጥታችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ቢቻል ይዛችሁት ሂዱ። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ነው። በውስጡ ያለው ሳሕን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ መረጃውን የሚያነብለትም ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ክንድ ነው። በእርሱ ፈንታ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ቢተካ፣ ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ኮምፒዩተር በሰከንዶች ውስጥ ዝግጁ ሲሆን ታያላችሁ። ይህን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሰነዶቻችሁንና ፎቶግራፎቻችሁን በሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡ። የጠፋ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አይተካም።

በዚህ ረገድ ያለንበት ጊዜ ልዩ ትኩረት ይሻል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ሲፒዩ ስለሚጠይቅ፣ በየቤታችን ካሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ አይቀበሉትም። ይህ ማለት መሣሪያዎቹ ተበላሹ ማለት አይደለም። በነፃ ከሚገኙት የሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱን ጭኖ ለጽሕፈት፣ ለንባብና ለኢንተርኔት ማዋል ይቻላል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህና ዕቃ ይጥላል፤ የሚያውቅ ግን ለታናሽ ወንድሙ ያወርሳል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ይኖራሉ። «ጥገና የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጀማሪ ቢነካካው ያበላሸዋል» ይላሉ። በተቃውሞው ውስጥ እውነት መኖሩን አንክድም። ፓወር ሰፕላይ የተባለው የኃይል ሣጥን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በማንኛውም ሁኔታ አይከፈትም። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ሊፈነዳና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይወጋም፤ አይጫንም። የዋና ሰሌዳ ብየዳም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሳያነቡ ብሎን የሚፈቱ ሰዎች ከጥቅም ይልቅ ጉዳት ያመጣሉ። ነገር ግን ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙን ለሐኪም ለይቶ መናገሩ የሐኪሙን ሥራ ያቀልለታል እንጂ አይሻማበትም። እንደዚሁም «ተበላሸብኝ» ብሎ ከሚመጣ ደንበኛ ይልቅ «ገመዱንና ራሙን ፈትኛለሁ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል» የሚለው ደንበኛ ከጠጋኙ ጋር በቶሎ ይግባባል፤ ለማያስፈልግ ክፍልም ገንዘብ አይከፍልም።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ መግዛት እያለ አሮጌ መጠገን ለምን?» ይሉ ይሆናል። ለእነዚህ መልሱ የሚገኘው በዚሁ በኮልፌ ቀራኒዮ ነው። የከተማይቱ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው በረጲ፣ በሕዝቡ አጠራር በቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወት አለፈ፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ያን ተራራ የቆለሉት ኮምፒዩተሮች ናቸው አንልም፤ የጣልነው ነገር ሁሉ ከደጃችን ቢርቅም ከሌላ ሰው ደጅ እንደሚደርስ ግን ያ ቀን አስተምሮናል። ኤሌክትሮኒክስ ሲጣል ደግሞ ጉዳቱ ከክብደቱ ይበልጣል። በአሮጌ ብየዳ ውስጥ እርሳስ፣ በአንዳንድ አሮጌ ስክሪኖች ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠልም የሚወጣው ጢስ መርዛም ነው። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተመርቷል፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። በአገራችንም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። ሆኖም ደንብ ሊገዛ የሚችለው ተጥሎ የተገኘውን ነው፤ እንዳይጣል የሚያደርገው የባለቤቱ ዕውቀት ነው።

መጠገን ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የወደቀ ቆርቆሮ ምድጃ፣ የተጣለ በርሜል ማጠራቀሚያ ሲሆን አይተናል። ያረጀ ጎማም በእኛ አገር ጫማ ሆኖ ዓመታትን ተጉዟል። በእነዚህ እጆች ውስጥ ያለው ብልሃት ወደ ኮምፒዩተሩ ሣጥን የማይገባበት ምክንያት የለም። የሚቀረው ያንን ብልሃት ከትምህርት ቤት ዕውቀት ጋር ማጋባት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በቤታችሁ «ይጣል» የሚል ቃል ሲሰማ፣ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ተረከቡ። በዚያች ቀን ከሶኬቱ ተነሥታችሁ ሳትቸኩሉ ወደ ውስጥ ሂዱ፤ ያያችሁትንም ጻፉ። ምናልባት ሳንቲም ከምታህል ባትሪ በቀር የጎደለ ነገር አይኖር ይሆናል።

መልመጃ
፩. የጸሐፊው ዋና አቋም የተገለጸበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ።
፪. ጸሐፊው ከተቃዋሚዎቹ አሳብ የትኛውን ተቀበለ? የትኛውን አልተቀበለም? በምን ምክንያት?
፫. «ሳይመረምሩ» የሚለውን ቃል በምዕላዶቹ ከፋፍሉ። በዚሁ አሠራር የተገኙ ሌሎች ቃላትን ከምንባቡ አውጡ።
፬. «አሮጌ ዕቃ ከመጠገን አዲስ መግዛት ይሻላል» በሚል ርእስ የተቃውሞ ድርሰት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።