ብዕሩስ የማን ነው?

በየአህጉሩ ስንት የቀዶ ሕክምና ምርምር እንደ ታተመ በሚቈጥሩ ሠንጠረዦች ላይ አፍሪካ ከግርጌ አካባቢ ትገኛለች። ከመካከላችን «በሽተኛው ተሰልፎ ሳለ ማን ይጽፋል? ቢላው ይቅደም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም።

ዴኒስ በርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ አይቶ በ1958 ጻፈ (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። በ1961ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ በመኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ፣ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ በየሆስፒታሉ ጠየቀ። ታላቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ይሁን እንጂ የ1958ቱ ጽሑፍ የታተመው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ጸሐፊውም ከውጭ የመጣ ሰው ነበረ። ኢዲ አሚን በ1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የውጭ መምህራን ሲበተኑ የማኬሬሬ ምርምርም አብሮ ደከመ።

ባርናርድ በ1967 በኬፕ ታውን የሰው ልብ ሲያዛውር ግን ዘገባውን በዚያው ወር ያወጣው በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ነው፤ ዓለም ሊያነብ ወደዚያ ሄደ። (የአፓርታይድ መንግሥት ገንዘቡን ለማን ያደላ እንደ ነበር አንዘነጋም።)

ቢላው ይቅደም ለሚሉት መልስ የሚሆነው በ2018 የታተመው ጥናት ነው። በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ 11,422 በሽተኞች ተቈጠሩ። በሽተኞቻችን በዕድሜ ወጣቶች ሆነው ሳለ የሚሞቱት ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከሞቱትም አብዛኞቹ ያለፉት ከቀዶው ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ ጉድለቱ በቢላው ብቻ ሳይሆን ሌሊት በዎርድ በሽተኛውን በሚጠብቀው ዓይን ላይም ነው። ይህን ማን ያውቅ ነበር፣ ባይቈጠር?

እኛም ከ1962 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አለን። ነገር ግን በስፔሻሊቲ ተማሪዎች የሚጻፈው የመመረቂያ ጥናት ከተፈረመበት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ባለፈው ወር በአንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት አንዱን ጥራዝ ብገልጥ፣ ከፈራሚዎቹ በቀር ማንም እንዳልነካው ያስታውቅ ነበር። በውስጡ የሁለት ዓመት የአንጀት መታጠፍ በሽተኞች በሙሉ ተመዝግበዋል!

ክቡራን መምህራን፣ ጥናቱ ለመጽሔት ሳይላክ አይፈረምበት፤ ሲታተምም የደከመው ተማሪ ስም ይቅደም። እኛ ተማሪዎችም የተቀመጡትን ጥራዞች ርእስና ዓመት እንመዝግብ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እርሳስና ወረቀት ይዞ በቤተ መጻሕፍቱ በር ይገናኘኝ።