በላስታ ተራራ ላይ ስለ ተፈተነው መንገድ መሪ መሣሪያ



ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣቸው ይዘው ከሚገቡት ስጦታ አንዱ፥ በመኪና የፊት መስታወት ላይ ተለጥፎ ለነጂው መንገድ የሚያመለክተው መሣሪያ ሆኗል። ገንዘብ አውጥቶ እርሱን መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም እያለ የሚያመነታ ቤተ ሰብ ብዙ ስለ ሆነ፥ እኛ ያየነውን እንጽፋለን። ጋርሚንና ቶምቶም በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ የእኅቴ ልጅ ያመጣልን ግን ከሌላ ሠሪ የወጣና ሰሌዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 7 ኢንች የሆነ ነው።

የሰሌዳው ስፋት ዐርባ ዓመት ላለፈው ዓይን እውነተኛ ጸጋ ነው፤ መነጽር ሳያስፈልግ ይነበባል። ነገር ግን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመስታወቱን አንድ ወገን ስለሚጋርድ፥ ከዳገቱ የሚመጣውን ፍየልና ሕፃን ይሸፍናል። ስለዚህ ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ማኖር ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች ከ24 አያንሱም፤ በየአንዳንዳቸውም ውስጥ እጅግ የተስተካከለ ሰዓት አለ። መሣሪያው ከአራቱ የሚላከውን የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ፥ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ በመቍጠር የቆመበትን ስፍራ ያውቃል። ለሕዝብ የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ ይደበዝዝ ነበር፤ ይህ ሚያዝያ 23 ቀን 1992 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ግን ሰማዩ በተገለጠበት ስፍራ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያስመጠቀቻት ሳተላይት ምድርን ለመመልከት የተሠራች ነበረች እንጂ ከዚህ ጉዳይ የላትም፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ስላለ ነው ማንሣታችን።

እንግዲህ መሣሪያው ስፍራውን ከሰማይ ይቀበላል፤ መንገዱን ግን ሰው ሥሎ ካስገባለት ካርታ ያነባል። በችሎት እንደምናየው ምስክር፥ ያየውንና የሰማውን በአንድ ድምፅ ይናገራል።

ባለፈው ጥቅምት የባለቤቴን እናት ለጠበል ወደ ነአኩቶ ለአብ ወስደናቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፥ ከጣራው ዐለት የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበታ ይጠራቀማል። ስሙን በመሣሪያው ስንፈልግ አጣነው፤ በላቲን ፊደል አንዱ ናኩቶ ላብ፥ ሌላው ናአኩቶ ላአብ እያለ ስለሚጽፈው ነው። ከውስጥ የምትናገረው ሴት አማርኛ አታውቅም። እናታችንም፥ «ይህች ልጅ የማን ናት? ስንናገራት ለምን አትመልስም?» ብለው አሳቁን።

ከዚያ አልፈን በገጠር ያለ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፥ የስኳር በሽታ ያለባቸው እናታችን ሳይቀምሱ ስለ ዋሉ ላብ አጠመቃቸው፥ ቃላቸውም ተሳሰረ። በሻንጣቸው የነበረውን ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። የእኅቴ ልጅ፥ «ጋሼ፥ በዚህ በኩል ወደ ሐኪም ቤት ይቀርባል ይላል» አለኝ። በሰሌዳው ላይ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ሆኖ ስለ ታየኝ፥ እኔም እሺ አልኩ። ጥቂት እንደ ሄድን መንገዱ ጠበበ። አንድ እረኛ እጁን ዘርግቶ አቆመንና፥ «አባባ፥ ይህ የበቅሎ መንገድ ነው፤ ከታች ተንዷል» አለን። መዞሪያ ስላልነበረ፥ ልጁ ከኋላ ጎማውን እያየ ሲያመለክተን ወደ ኋላ ወጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠፋብን። እናታችን በስኳሩ ኃይል ቆይተው ሐኪም ቤት ደርሰው ዳኑ፤ እኔ ግን እሺ ያልሁባትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ይህ ሁሉ ሆኖ መሣሪያውን አልጣልነውም። ካርታው በውስጡ ስላለ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ አይዘጋም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ካርታውን በስልኩ ውስጥ አስቀድሞ ያላኖረ ነጂ ያለ ካርታ ቀርቶ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ ወልድያ ለሚሄድ ዋና መንገድ ያለ ሥጋት ይጠቅማል። ጠጠር መንገድ እንዳይመራ ማዘዝም ይቻላል፤ በላስታ ግን እንዲህ ያደረገ ሰው ብዙ መንገድ ይዘጋበታል። የራሱ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ገመዱን ከመኪናው ሲጋራ መለኮሻ አለመንቀል ነው። በዋሻውም ደጅ ዐለቱ ሰማዩን ሲጋርድ ምልክቱ ይጠፋል።

በላስታ የምንጠቀምበት፥ እኛው ደርሰን ያየነውን ስፍራ ለመመዝገብ ነው። እናታችን ከሐኪም ቤት በወጡ ቀን የልጅ ልጃቸውን በሩ ላይ አስቁመው፥ «ይህን ጻፍበት፤ ቀጥሎም የዚያን እረኛ መንደር» ብለው አዘዙት። ሁለቱም በአማርኛ ስማቸው ባይሆንም ተመዝግበዋል።