ጥንቸል በአደራ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ብከፍት የሰፈራችን ዘበኛ የፓስታ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። ካርቶኑ ይንቀሳቀሳል። «ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ያቆዩልኝ» አለ። የሚጠብቀው ግቢ የልጆች መጫወቻ ነበር። ተከራዩ ሲለቅ ዥዋዥዌውን ነቅሎ ጫነና ጥንቸሎቹን ትቷቸው ሄደ። ሌሎቹን ውሻ ጨርሷቸዋል። የቀረችው አንዲት ነጭ፣ የጆሮዋ ጫፍ የተቦጨቀ ነበረች። ሰኞ መጣ፤ ዘበኛው አልመጣም። ማክሰኞ መንገድ ላይ ስይዘው ሳቅ ብሎ፣ «ካስቸገረችዎ ወደ ወንጂ መንገድ ወስጄ ሸንኮራው ውስጥ እለቃታለሁ። ሂሌንሳ አይደለችም እንዴ? ዘመዶቿ እዚያ ናቸው» አለኝ።

ክፋት የለውም፤ አብዛኞቻችንም የምናስበው እንደዚያ ነው። ዘመዶቿ ግን እዚያ አይደሉም። በአማርኛም በኦሮምኛም ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ተሳሳትን እንጂ፣ በስምጥ ሸለቆው ግራር ሥር የምትፈተለከው የዱር ጥንቸልና የግቢዋ ጥንቸል አይዋለዱም። የዱሯ ግልገል ጠጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች። የቤቷ ደግሞ ራቁቷን፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ እናቷ በማሰችው ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትወለደው። የዘር ሐረጓም የሚመዘዘው ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል ነው። ነጭ ሆና፣ ጅብ ሳታውቅ፣ ሰው ባየች ቁጥር ጎመን እየጠበቀች ሸንኮራ ውስጥ ስንት ሌሊት ታድራለች?

ታዲያ የት ትሂድ? ችግሩ ጥንቸል እኛ ዘንድ የሥራ ድርሻ የሌላት መሆኑ ነው። ውሻ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ይይዛል፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። አህያ እንኳ፣ ሥጋው ባይበላም፣ ጭነቱ ያስከብረዋል። ሥራ በጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሰው ተቆጥቶበት በ2009 ዓ.ም. የተዘጋውን የቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ታስታውሱታላችሁ። እዚያው ቢሾፍቱ የታመመ አህያ የሚያክም ድርጅት አለ። ወደ ሆለታ ብትሄዱ ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችና አንበሶች የሚያገግሙበት እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። ጥንቸሌ ጭነት አትሸከምም፣ አውሬም አይደለች። በሁለቱም በር አታልፍም። እንዳትበላም ዘሌዋውያን 11 ከርኩሳን መድቧታል። ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ፣ «እኛ ዘንድ እንኳ ትፈቀዳለች፤ ግን ይቺን ዓይን እያየ ማን ቢላ ያነሳል!» ብለው ስቀው የጓሯቸውን ሣር አጭደው ላኩልኝ።

ዘሌዋውያንን ካነሳሁ አይቀር፣ መጽሐፉ ጥንቸል ታመሰኳለች ይላል። እንደ በሬ አይደለም፤ የምታደርገው ግን ከዚያ አይርቅም። የምትጥለው ኩስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለስላሳውን መልሳ ትበላዋለች፣ ያልተፈጨው ምግብ የሚፈጭላት በዚያ ነው። ልጄ ይህን አይታ «አባዬ፣ አብዳለች!» ብላ እየጮኸች መጣች።

የከተማችን የአዳማ ሙቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጥንቸል አያልባትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ትጨነቃለች፣ ከቆርቆሮ ሥር ደግሞ ልትሞት ትችላለች። የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተን በረዶ እናደርግና በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ እናስቀምጣለን፤ ተጠግታ ትተኛለች። ምግቧ ካሮት የመሰለው ሰው ብዙ ነው። ካሮት ለእሷ ከረሜላ ነው። ዕድሜ ልኳን የሚያድገውን ጥርሷን የሚሞርድላት ሣርና ድርቆሽ ነው፤ እኔም ለጋሪ ፈረስ ከሚሸጥበት እገዛለሁ። ከጁስ ቤት ትርፍራፊ የምታመጡላት ካላችሁ አቮካዶ እንዳይገባበት፤ ይመርዛታል። ግማሽ ቀን ምግብ ከተወች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፤ አንጀቷ ሊቆም ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። በጆሮዋ ማንሳትም ነውር ነው። የኋላ እግሯ ካልተደገፈ ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ትሰብራለች።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት አደራ ስለሆነች ነው። የራሴ ብትሆን ይህን ያህል የምጠይቅ አይመስለኝም። አደራ ሰው አያስተኛም። ጉዲፈቻ ሌላ ነው። ኦሮምኛ ለአማርኛ ያበደረው፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም የተቀበለው ይህ ቃል የራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው፤ ስም ይሰጣል፣ ያወርሳል። ለሰው ልጅ የተሰጠን ቃል ለጥንቸል ማዋሌ የሚከነክነው አንባቢ ይኖራል፤ እኔንም ትንሽ ከንክኖኛል። ግን አደራንና ጉዲፈቻን ካልለየን ጥንቸሏን የምንጎዳት እኛው ነን። ለልጅ ልደት ተብሎ የሚገዛ ጥንቸል 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር እንደሚችል ማን ለገዢው ይነግረዋል? መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት በአደራ ቢወሰድ፣ የግቢው ውሻም የቤቱ ሙቀትም የልጁም ትዕግሥት ይታይ ነበር። ሴትና ወንድ አብረው ከተሰጡ ደግሞ በአንድ ወር ገደማ አደራው ስምንት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ስም አይወጣላትም። አደራ ናትና። ልጄ እሺ አለች። ማታ ማታ ግን ከበሩ ኋላ «ጥጢት፣ ጥጢት» ስትል እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ባለፈው እሁድ ከሞጆ አንዲት እናት ጥንቸሏን ልትወስድ ልጇን ይዛ መጣች። ግቢያቸው ዛፍ አለው፣ ውሻ የላቸውም። ጠየቅኋት፣ ጠየቅኋት፤ ለልጇ ሚስት የምትጠይቀኝ እስኪመስል ድረስ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ለሁለት ሳምንት ትውሰዳት፣ ካልሆነ ትመልሳት ተባባልን። ያን የፓስታ ካርቶን አወጣሁ፣ ድርቆሽ አነጠፍን።

የሞጆው ልጅ ካርቶኑን እንዳቀፈ ወደ ልጄ ዞረ። «ስሟ ማነው?»

እኔን አየችኝ። ከዚያ ጥንቸሏን።

«ገና አልወጣላትም» አለችው።