የንግድ ቤት ደብዳቤ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ፖስታ ከቤት ወደ ቤት ሲታደል ስላልኖረ፣ የንግድ ቤት ሁሉ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን በማኅተሙና በደረሰኙ ላይ ሲያሳትም ኖሯል። ሣጥኑ የቤቱ እንጂ የጸሓፊው አልነበረም። ጸሓፊ ቢለወጥ፣ ተላላኪ ቢሰናበት፣ ሣጥኑ በቦታው ይቈያል፤ ቁልፉን ተተኪው ይረከባል፤ ደብዳቤውም መንገዱን አይስትም። ዛሬ የዋጋ ማቅረቢያው፣ የጭነት ሰነዱና የባንክ ማስታወቂያው በኢሜይል የሚመጣ ሲሆን፣ በፖስታ ሣጥን ዘመን ተጠብቆ የኖረው ይህ ሥርዓት በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ ተዘንግቶ ይገኛል።

የብዙ ሱቅና የብዙ አስመጪ ቤት ኢሜይል ከነጻ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ የተከፈተ፣ በአንድ ሠራተኛ ስም የተመዘገበ፣ የይለፍ ቃሉ ማደሻ ቁጥርም ወደዚያው ሠራተኛ የእጅ ስልክ የሚሄድ ነው። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ጕድለቱ አይታይም። ሲታመም፣ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሥራውን ሲለቅ ግን ነጋዴው የገዛ ቤቱ በር ተቈልፎበት በደጅ እንደሚቆም ሰው ይሆናል።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት የላኪውን ሥራ መመልከት ይበቃል። በኤል ሲ ቡና ወይም ሰሊጥ የሚሸጥ ላኪ፣ የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ባወጣው ዩ ሲ ፒ 600 በተባለው ደንብ መሠረት፣ ኤል ሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ፣ የኤል ሲውም ጊዜ ሳያልፍ፣ ሰነዱን ለባንክ ማቅረብ አለበት። በዚህ መካከል ሰነዱ ስሕተት አለበት የሚል መልእክት ሥራውን በለቀቀ ጸሓፊ ሣጥን ውስጥ ቢያድር፣ ቀኑ ማንንም አይጠብቅም። የአስመጪውም ነገር እንዲሁ ነው። ዕቃው ጅቡቲ መድረሱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ሳይነበብ በሰነበተ መጠን የወደቡና የኮንቴይነሩ ሒሳብ እየተቈጠረ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ነጋዴው አስቀድሞ ዶሜይን ያስመዝግብ፤ ምዝገባውም በባለሙያው ወይም በሠራተኛው ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይሁን። ከዚህ በኋላ ለደንበኛ የሚሰጠው አድራሻ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ ስም ይሁን፤ ይኸውም ሽያጭ፣ ግዥ፣ ሒሳብ የሚሉትን የመሳሰለ ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አር ኤፍ ሲ 2142 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ፣ ለሽያጭ፣ ለገበያ ሥራና ለደንበኞች ርዳታ የሚሆኑ የጋራ የአድራሻ ስሞችን ዘርዝሯል።

እንዲህ ያለው አድራሻ ተለዋጭ አድራሻ ይባላል። የራሱ ሣጥን የለውም፤ በኢሜይል ሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው። በግራ በኩል «ሽያጭ» ይላል፤ በቀኝ በኩል ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሠራተኞች ይጻፋሉ። ሠራተኛ ሲለወጥ የቀኙ ስም ብቻ ይለወጣል፤ በጂዳ ወይም በሐምቡርግ ያለው ገዥ የሚያውቀው አድራሻ ግን እንደ ነበረ ይኖራል። ሁለት ተቀባይ ከተመደበም አንዱ ቢቀር ሌላው ያነበዋል። ወጪውም አያስፈራም፤ ለምሳሌ ጉግል ወርክስፔስ ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 30 ተለዋጭ አድራሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዳል። ነገር ግን መልሱም ከዚያው አድራሻ ይጻፍ። ሠራተኛው በግል አድራሻው ከመለሰ፣ ደንበኛው ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ለግሉ አድራሻ ነውና ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

አንዳንዶች «ሁሉም ወደ ነጻው የግል ኢሜይሌ ይተላለፍልኝ» ይላሉ። ይህ ምቹ መስሎ ቢታይም አደጋ አለበት። ኤስ ፒ ኤፍ በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ዶሜይን በስሙ ደብዳቤ መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ያስታውቃል። የነጋዴው ሰርቨር የባንኩን ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ውጭ ሲያስተላልፍ፣ ተቀባዩ በባንኩ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ ሰርቨር በባንኩ ስም እንደ ላከ አድርጎ ስለሚያየው፣ እውነተኛውን ደብዳቤ እንደ ሐሰተኛ ቈጥሮ ሊመልሰው ወይም ከስፓም ጋር ሊጥለው ይችላል። የላኪውን የመመለሻ አድራሻ በደንቡ የሚያስተካክል ኤስ አር ኤስ የተባለ ዘዴ አለ፤ ባለሙያው ይህን ማድረጉን ነጋዴው ይጠይቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደብዳቤው በቤቱ ሰርቨር ውስጥ ባለ ሣጥን ማረፉ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቈረጣል እንደሚባለው፣ ሌቦች የይለፍ ቃል ከሰረቁ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ስውር የማስተላለፊያ ትእዛዝ ይጽፋሉ። የደብዳቤው ቅጂ ለእነርሱ እየደረሰ ውሉን ይከታተላሉ፤ ክፍያው ሲደርስም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለውጧል ብለው በሻጩ ስም ይጽፋሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በንግድ ኢሜይል ማጭበርበር 21,489 አቤቱታ እንደ ቀረበለት፣ ኪሳራውም ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደ ሆነ አስታውቋል። ስለዚህ የማስተላለፊያውን መዝገብ በየወሩ መመርመር፣ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲመጣም አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል።

«ሥራችን በቴሌግራም ያልቃል፤ ኢሜይል ምን ያደርግልናል?» የሚል ነጋዴ አይታጣም። ስልኩ የሠራተኛው ከሆነ ግን ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልተወገደም። የባንክና የመርከብ ድርጅት ደብዳቤም ዛሬ በአብዛኛው የሚመጣው በኢሜይል ነው።

ሥራውን የሚለቅ ሠራተኛ የመጋዘኑን ቁልፍና ማኅተሙን በፊርማ ያስረክባል። በዚያው የርክክብ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ በየትኞቹ አድራሻዎች ይቀበል እንደ ነበረ፣ በቦታው የተተካው ማን እንደ ሆነና የይለፍ ቃሉ መለወጡ ይጻፍ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ይህን ለማድረግ ሠራተኛ እስኪለቅ መጠበቅ ለአስተዋይ ነጋዴ አይገባም።