ወንድምየውን መዝግቡት

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ክበብ የሌለው ተማሪ የለም፤ በወረቀት ማለቴ ነው። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጠባ የስም መመዝገቢያ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ሁሉም አንዱ ላይ ስሙን ያሰፍራል። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ዜጋ፣ የሴት ተማሪዎች ክበብ። ተጠሪ መምህር ይመደባል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ዕቅዱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ክበቡን የምናየው ወይ በበዓል ቀን በግጥምና በድራማ ነው፣ ወይ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት። መምህራኑን አልወቅስም። ክፍለ ጊዜው ሞልቶበት በየማታው የደብተር ክምር የሚያርም ሰው ክበብ ሲጨመርበት ደስ ይለዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ አያውቅም።

ተማሪው ግን ጉልበት የለውም እንዳይባል የሕዳሴ ግድቡ ምስክር ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ የአገሪቱ ተማሪ ያላደረገው የለም። የቁርሱን ሳንቲም አዋጥቶ ቦንድ ገዝቷል፣ የሕዳሴው ዋንጫ በየከተማው ሲዞር ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ተቀብሏል፣ ስልክ ያለው ወደ 8100 መልእክት ልኳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ «የእኔም አለበት» ያለው ልጅ ብዙ ነው፤ እውነቱን ነው። ለአገር ይህን ያህል የታዘዘ ተማሪ ለገዛ ቤቱ፣ ለገዛ እንጀራውና ለገዛ ሰፈሩ የሚሠራበት ክበብ ግን እስካሁን አልተሰጠውም።

ሌላ አገር ግን እንዲህ ያለ ክበብ አለ። በ1945 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቺካጎ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሙ «የወደፊት የአሜሪካ የቤት እመቤቶች» ነበር። ሐሳቡ ከስሙ አይርቅም፣ ሴት ልጅን ለጓዳ ማዘጋጀት ነው። ያኔ በደቡቡ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል ስለማይቀመጡ ጥቁሮቹ ልጃገረዶች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1965 ነው። ቆይቶ ወንዶች ልጆችም ገቡበት። በ1999 ደግሞ ስሙ ተለውጦ የቤተሰብ፣ የሙያና የማኅበረሰብ መሪዎች ማኅበር ተባለ። ዛሬ አባላቱ የሚወዳደሩት በገንዘብ አያያዝ፣ በምግብ ዝግጅት፣ በሕፃናት እንክብካቤና በሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ነው። ሊቀ መንበሩን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ መምህሩ ያማክራል እንጂ አያዝም። እኔን ከሁሉ የሳበኝ የወንዶቹ መግባት ነው፤ ምክንያቱን ጉባ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

እኛም ዘንድ ሴቶቹ ባልትና፣ ወንዶቹ ጥበበ ዕድ የሚማሩበት ዘመን ነበር፤ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ተማሪን ለማኅበረሰብ ማሰለፍም አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በእኛ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ በ1967 እድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ዘመተ። ብዙ በጎ ነገር ተሠርቷል፣ ብዙ ሕይወትም ጠፍቷል። ሁለቱም ግን ተማሪውን ወደ ሰው ቤት የላኩ ናቸው። ወደ እናትህ ቤት ሂድና ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ቆጥረህ ና ብሎ የላከው የለም። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። መልካም ነው፤ ብቻ እሱም መጽሐፍ ነው፣ ፈተናውም በወረቀት ነው።

ጉባ እንግባ። በመተከል ዞን ከሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ በሙቀቱ የተነሣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጥላ የሚያስፈልግበት ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ማንኩሽ ነው። በጉሙዝ ዘንድ ሚስት የምትገኝበት የቆየው መንገድ የእህት ልውውጥ ነው። ወጣቱ ሊያገባ ሲፈልግ እህቱን ለሚያገባት ልጅ ወንድም ይሰጣል፤ እህት ባትኖረው የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዌንዲ ጀምስ በ1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፋበታለች፤ ዶክተር ወልደሥላሴ አቡቴም በዚያው አቆጣጠር በ2004 ስለ ጉሙዝና ስለ ሰፋሪዎች ባሳተሙት ጥናት ውስጥ አለ። ልውውጡ ሁለት ቤቶችን ያስራል። አንደኛዋ ባሏን ጥላ ብትሄድ የሌላዋም ትዳር ይናወጣል። አንዲት ልጃገረድ ከወደደችው ጋር ብትጠፋ ቤተሰቧ ምትክ ልጃገረድ ይጠይቃል፤ ምትኩ ከዘገየ ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ይችላል።

ይህን ሲሰማ «አቤት ኋላ ቀርነት!» የሚል ደገኛ አይጠፋም። ሕፃን ልጅ ድሮ ምራት ማሳደግ፣ ልጃገረድ ከመንገድ ጠልፎ በሽማግሌ ማስታረቅ የማን ባህል እንደነበር ቢያስታውስ ጥሩ ነው። ልውውጡ የራሱ ሚዛን ነበረው። ሴት ልጅ በእርሻ የቤቱ ዋና ጉልበት ናትና፣ አንድ ጉልበት ከቤት ሲወጣ አንድ ይተካል። በሴት ልጅ ላይ የብር ዋጋ አይቆረጥም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 34 ጋብቻ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ አይጸናም ብሏል፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያለች ልጅ ደግሞ ወንድሟ ሚስት ስላማረው ደብተሯን አስቀምጣ ስትሄድ ፈቃዷን የጠየቀ የለም።

በዚያ ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ተጠሪዋ መምህርት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ መሆኑን ታስረዳለች፣ ልጃገረዶቹ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጣሉ። የማያውቁት ነገር አልነበረም። ወንዶቹ ውጭ ኳስ ይጫወታሉ። ከካልሲ የተሰፋችው ኳስ መስኮቱ ሥር ስትመጣ አንድ ልጅ ሊያነሣት መጣና ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ። መምህርቷ «ያንተ ጉዳይ አይደለም፣ ሂድ!» ብላ አባረረችው። በኋላ ስጠይቅ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ወንድም ነው።

የማን ጉዳይ ነው ታዲያ? ልጅቱ «አልፈልግም» ብትል ቃሏ ከአባቷ አይበልጥም። አባቷ ደግሞ የሚያስበው ለወንድ ልጁ ነው። «እህቴን ሰጥቼ አላገባም፣ ትማር» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው ከወንድምየው አፍ ሲወጣ ነው፤ ምክንያቱም ሚስት የሚያጣው እሱ ነው። ስለዚህ ጉባ ላይ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ የቤተሰብ ክበብ ከተቋቋመ የመጀመሪያው አባል ወንድም ይሁን። እህትና ወንድም አንድ ላይ ይመዝገቡ። ልጃገረዶችን ለብቻ ሰብስበን ጥፋቱን እንዲሸከሙ፣ መፍትሔውንም እንዲያመጡ ስናደርግ ኖረናል፤ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራቸው ንግግር ባይሆን እመርጣለሁ። አንድ ደብተር ይያዙ፤ በግራው ገጽ እሷ፣ በቀኙ እሱ፣ ከእንቅልፍ ከተነሡ ጀምሮ የዋሉበትን ይጻፉ። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በጀርባዋ አታዝልም፤ ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ በሁለቱ ጫፍ ታንጠለጥላለች። ውኃ ሲሆን ሁለት ጀሪካን ነው። እኩል ካልሞሉ እንጨቱ ወደ አንዱ ያጋድላልና ከመነሣቷ በፊት ከአንዱ ቀንሳ ወደ ሌላው ትገለብጣለች። ከዚያ አንድ እጇን እንጨቱ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ትነሣለች፤ ርምጃዋ ከእንጨቱ መርገብገብ ጋር ይሄዳል። ወንድ ልጅ ይህን እንጨት ተሸክሞ አላየሁም። ደገኛው ሰፈርም ቢሆን ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ ቢታይ የሰፈር መሳቂያ ነው፤ በዚህ በዚህ አንድ ሕዝብ ነን። ለአንድ ሳምንት ክበቡ ወንዶቹን ውኃ ያስቀዳ። ይሳቅባቸው፤ ብዙ ሆነው ከተሳቀባቸው ይችሉታል። ክበብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፣ አንድ ልጅ ብቻውን የሚያፍርበትን ሠላሳ ሆኖ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ያለ ሙያ ከንቱ ነው። እህቱን የማይለውጥ ወጣት በምን ያገባል? በአንዳንድ ቦታ ልውውጡ ቀርቶ ገንዘብ እየተከፈለ ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ትምህርቱን ጥሎ በባለሀብቶች እርሻ የሰሊጥ አጨዳ የሚገባ አለ፣ ወርቅ ፍለጋ የሚሄድ አለ። ግድቡ ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንጀራ ይበላበት ነበር፤ ሲያልቅ ፌሮ ሠራተኛውም በያጁም ጓዙን ጠቅልሏል። የቀረው 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ነው። ተርባይኑ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፣ እሱም የተማረ። ሐይቁ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል። ዓሣ የሚያሰግር፣ መረብ የሚጠግን፣ የጀልባ ሞተር የሚፈታ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ። በጉባ ሙቀት ጠዋት የወጣ ዓሣ ከሰዓት በኋላ አይደርስም፤ ወይ በረዶ ወይ ጭስ ወይ ጨው ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ ከእርሻ ቀን ሠራተኛ የተሻለ ያገኛል። ስምንተኛ ክፍል ገብታችሁ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብትሉ ግን ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ነው። ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ሌላ ሙያ ያሳያቸው የለም። ክበቡ አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ቢወስዳቸው፣ አንድ ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ቢያዞራቸው፣ አንድ ቀን የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ጋር ቢያውላቸው ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ለአንድ ሳምንት ቢልክ ጥሩ፤ ኮፍያና ቲሸርት ለማደል ከሆነ ግን ይቅርብን።

ከ2011 ወዲህ በመተከል በደረሰው ግጭት ስንት ሰው እንደሞተና እንደተፈናቀለ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ የዚያ አካባቢ ሰው አይነገረውም። ከዚያ በፊት ግን በጉሙዝና በአማራው መካከል «ወዳጅ»፣ በጉሙዝና በኦሮሞው መካከል «ሚቹ» የሚባል ቃል ኪዳን ነበር፤ ሁለት ቤተሰብ ይወዳጃል፣ አንዱ የሌላውን እህል ይጠብቃል፣ በክፉ ቀን ቤቱን ይከፍታል። ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፣ ልጆቹ ግን ጥቂቶቹ ናቸው የሰሙት። ጉሙዙን ልጅና የደገኛውን ልጅ አንድ ክፍል ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ አሜሪካኖቹም በአንድ ወረቀት ሁለት ማኅበር ሲያዋሕዱ ልብ አብሮ ተዋሐደ አልልም። ክበቡ ግን ሁለት ሁለት ልጅ አጣምሮ አንዱን ከሌላው ቤት ማዋል ይችላል። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ የበላበትን ቤት ማቃጠል ይከብዳል።

አንድ ፍርሃት አለኝ። በዚህ አገር የተማሪ አመራር ሲባል ከጀርባው የካድሬ ምልመላ ያየን ሰዎች ብዙ ነን። ይህኛውም ወረዳው ሊቀ መንበር የሚሾምበት፣ የስብሰባ አበል የሚቆጠርበት ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ልጆቹ በድምፅ ይምረጡ፣ ያልወደዱትንም በድምፅ ያውርዱ። ተጠሪ መምህሩም ከሌላ ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት፤ በነፃ የሚሠራው በጎ ፈቃድ ጥር ላይ ያልቃል።

እህት የሌለው ወንድ ልጅስ? አንዱ ርዕሰ መምህር ይህን ጠየቁኝ፤ በእህትና ወንድም ከመዘገብን እሱን የት እናስገባው አሉኝ። በልውውጡ ከሁሉ የሚጨነቀው እኮ እሱ ነው። የአጎቱን ልጅ ሲለምን፣ ዘመድ ሲያስቸግር፣ እኩዮቹ ሲያገቡ እያየ ይኖራል። በሥራው ማግባት ይችላል ብትሉት ከማንም ቀድሞ የሚሰማችሁ እሱ ነው፤ በጥቅምት ወረቀቱን ስታዞሩ ከእሱ ጀምሩ።