ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ

በታች ጋይንት የምትገኘው አርብ ገበያ፥ ስሟ እንደሚያስረዳው፥ የዓርብ ገበያ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ስፍራ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ገበያውን ማየት ከቻለ፥ መዝገብ ሳይገልጥ የመጪውን ወራት ሁኔታ ሊረዳ ይችላል። የእህል ዋጋ እየወጣ የከብት ዋጋ ሲወርድ፥ ይልቁንም በእርሻ ወራት የእርሻ በሬ ለሽያጭ ሲቀርብ፥ ገበሬው የነገውን ሸጦ የዛሬውን እየበላ ነው። የሁለቱን ዋጋ ማነጻጸር ዛሬ የታወቀ የረሃብ ማስጠንቀቂያ ዘዴ ነው፤ ለጋይንት ገበሬ ግን አዲስ ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ በአደጋ ጥበቃ ሥራ ከባዱ ነገር ምልክቱን ማየቱ ሳይሆን ያዩትን ለአለቃ መንገሩ ነው። ያየው ሠራተኛ «መጠነኛ እጥረት አለ» ብሎ ይጽፋል፤ ተቀባዩ «ክትትል እየተደረገበት ነው» ብሎ ያስተላልፋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ «አሳሳቢ አይደለም» ይላል። ከሦስቱ አንዱም ዓይን ያወጣ ውሸት አልተናገረም። ወረቀቱ ግን ሽቅብ በወጣ ቁጥር እየዳነ ሄዷል!

ይህ ለቀልድ የሚበቃ ነገር አይደለም። ለጋይንት ጎረቤት በሆነው በወሎ መከሩ እንደሚጎድል የእርሻ ሚኒስቴር ጥናት በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ አመልክቶ ነበር፤ ጥናቱ ግን ታፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከስፍራው ያነሡትን ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩ። ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ፊልሙ በአገራችን ቴሌቪዥን በታየ ማግሥት፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ወሬውን መደበቅ ደባቂዎቹን እንኳ አላዳነም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ ሲያሰማ፥ የደርግ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ይል ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነገር ግን በሽታውን የተናገረ የሚቀጣበት መሥሪያ ቤት ቢኖር፥ ሠራተኛው ዝምታን ቢመርጥ ይፈረድበታልን? እኛ ከሠራተኛው ይልቅ አለቃውን እንወቅሳለን።

ጋሪ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ዘዴ አስተዋውቋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞቹ ተሰብስበው ዕቅዱ ፈጽሞ እንደ ከሸፈ አድርገው ያስባሉ፤ እያንዳንዱም የከሸፈበትን ምክንያት በወረቀት ይጽፋል። በዚህን ጊዜ ተጠራጣሪው ፈሪ መባሉ ይቀርና የተጠየቀውን የሠራ ይሆናል። በእኛ አገር ግን አንድ ነገር ልንጨምርበት እንወዳለን፤ ሹሙ መጨረሻ ይናገር። እርሱ ከቀደመ ሌላው ሁሉ «ልክ ነው ጌታዬ» ከማለት አያልፍምና።

ከዓርብ ገበያ የተመለሰው ወጣትም ለሽያጭ የቀረቡትን በሬዎች ቈጥሮ ቢሮ ሲገባ፥ አለቃው «ማን ላከህ?» ማለቱን ትቶ «ስንት አየህ? ያለፈው ዓርብስ ስንት ነበሩ?» ብሎ ወንበር ቢያቀርብለት እንወዳለን።